የሽብር ሕጉ ቃጠሎውን አስቆመው? ስለ አካባቢና እንስሳት መብት አክራሪነት ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «የሕግ ተማሪ ነኝ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ነው። አሜሪካ ለእንስሳት መብት ብለው ላብራቶሪ የሚሰብሩ፣ ለአካባቢ ጥበቃ ብለው ሕንፃ የሚያቃጥሉ ሰዎችን በሽብር ስም የሚቀጣ ልዩ ሕግ አውጥታለች። ይህ ሕግ ድርጊቱን ቀነሰው ወይስ አባባሰው? አንዱ መምህሬ ‹ቀንሶታል› ይላል። ሌላው ‹ሰውን አክራሪ የሚያደርገው ሕጉ ራሱ ነው› ይላል። ማንን ልመን?»

ምላሽ፦

ወንድሜ፣ ለጊዜው ሁለቱንም ተዋቸው። ሁለቱም የሚከራከሩት በሕጉ ስም ላይ ይመስለኛል። እኔ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣብኝ መጀመሪያ ቀኖቹን እጽፋለሁ። ሕጉ መቼ ወጣ? ድርጊቱ መቼ ተፈጸመ? ሰዎቹ መቼ ተያዙ? ከዚያ የክስ ወረቀቱን ከፍቼ ዐቃቤ ሕጉ የትኛውን አንቀጽ እንደጠቀሰ አያለሁ። ይህን ስታደርግ «ሽብር» የሚለውን ስም የያዘው ሕግ ከሚወራለት በጣም ያነሰ ሥራ እንደሠራ ይታይሃል። አክራሪዎቹን በአብዛኛው የጣላቸው ድሮም የነበረው የወንጀል ሕግና የመርማሪ ትዕግሥት ነው። አዲስ ሕግ የሠራበት ቦታ የለም ማለቴ አይደለም፤ አለ። የሠራው ግን አክራሪዎቹ የሚይዙትን ማነቆ ለይቶ ሲነካ ነው። ላስረዳህ። ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ስለማን እንደምናወራ እንግባባ። ሥጋ የማይበላ ሰው፣ ሰልፍ የሚወጣ ሰው፣ ዛፍ እንዳይቆረጥ ፊርማ የሚያሰባስብ ሰው እዚህ ውስጥ የለም። የምናወራው እሳት ስለሚለኩሱ፣ ሰብረው ስለሚገቡ፣ ሰው ቤት ድረስ ሄደው ስለሚያስፈራሩ ሰዎች ነው። ጽሑፍ ስታገላብጥ ሁለት ስሞች ደጋግመው ይመጡብሃል። አንዱ በ1976 እንግሊዝ አገር የተመሠረተው የእንስሳት ነፃነት ግንባር ነው። ሌላው በ1992 እዚያው እንግሊዝ፣ ብራይተን ከተማ የተነሳው የምድር ነፃነት ግንባር ነው። ግንባር ይባሉ እንጂ ጽሕፈት ቤት የላቸውም፣ የአባላት መዝገብ የላቸውም፣ አለቃም የላቸውም። ሦስት አራት ጓደኛሞች ሌሊት ወጥተው አንድ ነገር ያደርጋሉ፣ በማግስቱ በግንባሩ ስም መግለጫ ይልካሉ። በቃ፣ ያ ነው ግንባሩ።

የራሳቸው ደንብ ሰው እንዳይጎዳ ተጠንቀቁ ይላል፤ በሁለቱ ግንባሮች ስም አሜሪካ ውስጥ በተፈጸሙ ድርጊቶችም ሰው አልሞተም። ንብረቱ ግን ሌላ ወሬ ነው። ኤፍቢአይ በ2002 ለኮንግረስ ሲመሰክር ከ1996 ወዲህ ከ600 በላይ የወንጀል ድርጊት እንደፈጸሙና ጉዳቱም ከ43 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሆነ ተናግሯል።

ይህ አደረጃጀት ለሕግ አውጪ ራስ ምታት ነው። ድርጅት ላግድ ብትል የሚታገድ ድርጅት የለም። ገንዘብ ላግድ ብትል ሥራው ቤንዚንና ባልዲ እንጂ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ስለዚህ የቀረው መንገድ ቅጣት ማክበድ ይመስላል፣ ፖለቲከኞችም ቶሎ የሚሮጡት ወደዚያው ነው።

አሁን ወደ ቀኖቹ። በኦገስት 1992 አባትየው ቡሽ የእንስሳት ድርጅቶች ጥበቃ ሕግ የሚባለውን ፈረሙ። ላብራቶሪ፣ እርሻ፣ መካነ እንስሳት፣ ሰርከስ፣ እነዚህን ሁሉ «የእንስሳት ድርጅት» ብሎ ሰበሰበና ሥራቸውን በአካል ማወክንና ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ጉዳት ማድረስን የፌዴራል ወንጀል አደረገው። ጥሩ። ከዚያስ?

ከዚያማ ትልልቆቹ ቃጠሎዎች መጡ። በኦክቶበር 1998 ኮሎራዶ ውስጥ ቬይል የሚባለው የበረዶ ሸርተቴ መዝናኛ ነደደ። ጉዳቱ 12 ሚሊዮን ዶላር ነው። ምክንያታቸው መዝናኛው ሲስፋፋ ሊንክስ የተባለው የዱር ድመት መኖሪያውን ያጣል የሚል ነበር። በሜይ 2001 ሲያትል ያለው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ምርምር ማዕከል ተቃጠለ፤ የፈለጉት በዛፍ ዘረመል ላይ የሚሠራ አንድ ተመራማሪ ነበር፣ እሳቱ ግን የማንን ቢሮ እንደሚበላ አይመርጥምና ከዚያ ጉዳይ ጋር ምንም የማያገናኛቸው የሌሎች ሰዎች ሥራም አብሮ ወደመ። በኦገስት 2003 ሳን ዲዬጎ ውስጥ በግንባታ ላይ ያለ የመኖሪያ ሕንፃ ነደደ፣ 50 ሚሊዮን ዶላር ያህል። እንግዲህ የ1992ቱ ሕግ ያስፈራቸው ሰዎች ካሉ እነዚህ ውስጥ አልነበሩም።

ለምን አላስፈራም? የሚገርም ነገር የለውም። ሕጉ ሲወጣ በንብረት ጉዳት ላይ የጣለው ቅጣት እስከ አንድ ዓመት ነበር። ሕንፃ ማቃጠል ግን በሌላው የፌዴራል ሕግ ቢያንስ 5፣ ቢበዛ 20 ዓመት ያስቀጣል። ሃያ ዓመት ቆጥሮ የተነሳን ሰው በአንድ ዓመት አታስፈራራውም። እና ደግሞ፣ ይህን በመመረቂያ ጽሑፍህ ውስጥ አስምርበት፣ ሌሊት እሳት የሚለኩስ ሰው የሚያስበው ስለ ቅጣቱ ርዝመት አይደለም። እያዛለሁ ወይስ አልያዝም ነው የሚለው። ለብዙ ዓመት ደግሞ በእነዚህ ትልልቅ ቃጠሎዎች ማንም አልተያዘም።

እንዴት ተያዙ የሚለው የታሪኩ ዋና ክፍል ነው። ኦሪገን ውስጥ በዩጂን ከተማ ዙሪያ «ቤተሰቡ» የሚባል ስብስብ ነበር። ቬይልን ያቃጠለው እሱ ነው፣ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲውንም። ሬድመንድ የምትባል ከተማ ያለ የፈረስ ቄራም በ1997 አቃጥለዋል፤ ቄራው ከዚያ በኋላ እንደገና አልተሠራም። መርማሪዎች ለዓመታት ዳከሩ። ፍንጭ የለ፣ አሻራ የለ። በመጨረሻ የተሰበረው በሕግ አንቀጽ ሳይሆን በሰው ነው። ከአቃጣዮቹ አንዱ የነበረ፣ የሄሮይን ሱስ የያዘው ሰው ከመርማሪዎች ጋር ተስማማ። መቅረጫ ልብሱ ውስጥ ደብቆ በየስቴቱ እየዞረ የድሮ ጓደኞቹን «ታስታውሳለህ ያኔ?» እያለ አናገራቸው። ጓደኛ ነውና አወሩ። በዲሴምበር 2005 መጀመሪያ የመጀመሪያዎቹ በአንድ ቀን በተለያዩ ስቴቶች ታፈሱ። ዘመቻው ኦፕሬሽን ባክፋየር ይባላል።

ሁለት ነገር ልብ በል። አንደኛ፣ ቡድኑ የመጨረሻ ቃጠሎውን ያደረሰው በኦክቶበር 2001 ነበር፤ ሲያዙ አራት ዓመት አልፎታል። አንዳንዶቹ ትዳር ይዘው፣ ሥራ ይዘው፣ ሌላ ሰው ሆነው ነበር። ማለትም ያቆሙት ከመያዛቸው በፊት ነው፣ በኋላ የማነሳልህ «ሽብር» የሚል ስም ያለው የ2006ቱ ሕግ ከመውጣቱም በፊት። ለምን አቆሙ ካልከኝ ምክንያቱ ብዙ ነው፦ እርስ በርስ አለመተማመን፣ ድካም፣ ቃጠሎው የፈለጉትን ለውጥ አለማምጣቱ፣ ከሴፕቴምበር 11 በኋላ የአገሩ አየር መቀየሩ። ሁለተኛ፣ ዋነኞቹ ክሶች ቃጠሎ፣ ለቃጠሎ ማሴርና ተቀጣጣይ መሣሪያ መጠቀም ናቸው። ይህ የመጨረሻው ነው አከርካሪያቸውን የሰበረው። በወንጀል ጊዜ እንዲህ ያለ መሣሪያ መጠቀም ለብቻው ቢያንስ 30 ዓመት ያስቀጣል፣ ከተደጋገመ ዕድሜ ልክ። ሠላሳ ዓመት ፊቱ የተደቀነበት ሰው ይናገራል። አብዛኞቹ ጥፋተኛ ነን አሉ፣ ብዙዎቹም በጓደኞቻቸው ላይ መረጃ ሰጡ። የሌላ ሰው ስም አንጠራም ብለው የራሳቸውን ብቻ ያመኑም ነበሩ።

በ2007 ዳኛ አን አይከን ሲፈርዱ ቅጣቱ ከሦስት ዓመት ገደማ እስከ 13 ዓመት ደረሰ። «ሽብር» የሚለው ቃል የገባው እዚህ ላይ ነው። በፌዴራሉ የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ውስጥ መንግሥትን ለማስገደድ ወይም ለመበቀል የተፈጸመ ወንጀል ላይ የሚጨመር ማክበጃ አለ። ዳኛዋ ይህን በጅምላ አልጫኑትም፤ ቃጠሎ በቃጠሎ እየለዩ ነው ያዩት። የመንግሥት ንብረት ተቃጥሎ መንግሥትን የማስገደድ ዓላማ ከታየ ይጨመራል፣ የግል ድርጅት ብቻ ከሆነ ላይጨመር ይችላል። ውጤቱ ትንሽ ግራ ያጋባል፦ ያው ሰው፣ ያው ቤንዚን፣ አንዱ ሕንፃ ሽብር ሌላው ተራ ቃጠሎ። ስሙ ደግሞ እስር ቤትም ይከተላል። ከተፈረደባቸው አንዱ ስልኩና ጠያቂው በጥብቅ ወደሚገደብበት ልዩ ክፍል ተልኳል። እኔ በበኩሌ የዳኛዋን አካሄድ እወደዋለሁ። ስያሜውን ለሕግ አውጪ ሳይተዉ ማስረጃውን አይተው ነው የወሰኑት።

አሁን እንግሊዝን እናምጣ፤ አዲስ ሕግ የእውነት የጠቀመው እዚያ ነውና።

ሀንቲንግደን ላይፍ ሳይንስስ የሚባል፣ መድኃኒትና ኬሚካል በእንስሳት ላይ የሚሞክር ድርጅት ነበር። በ1997 ቻናል 4 ቴሌቪዥን ውስጡ በድብቅ የተቀረጸ ፊልም አሳየ። ሠራተኞች ቢግል የሚባሉ ውሾችን በቡጢ ሲመቱ ይታያል። አገሩ ተቆጣ፣ የሚያስቆጣም ነበር። በ1999 «የሀንቲንግደንን የእንስሳት ጭካኔ አስቁሙ» የሚል፣ በእንግሊዝኛ ምሕጻሩ ሻክ የሚባለው ዘመቻ ተጀመረ። ዓላማው አንድ ብቻ፣ ድርጅቱን መዝጋት።

የሻክ ሰዎች ብልጠታቸው ድርጅቱን ትተው ድርጅቱ የተደገፈባቸውን ሰዎች መያዛቸው ነው። ባንኩን፣ ኢንሹራንሱን፣ ደንበኛውን፣ ዕቃ አመላላሹን። ነገሩን ከኢንሹራንስ ኩባንያው ሥራ አስኪያጅ አንፃር አስበው። ሀንቲንግደን ከብዙ ደንበኞቹ አንዱ ነው፣ እንስሳ ላይ የሚሞከር ነገር አያውቅም፣ ግድም የለው። ሌሊት ቤቱ ደጃፍ ጩኸት ይነሳል፣ መኪናው ላይ ቀለም ይደፋል፣ የውሸት ቦምብ በፖስታ ይመጣል፣ ለጎረቤቶቹ «ይህ ሰው ሕፃናት ይደፍራል» የሚል ደብዳቤ ይበተናል። «ለአንድ ደንበኛ ብዬ?» ይልና ይለቃል። ሮያል ባንክ ኦፍ ስኮትላንድ ለቀቀ። ማርሽ የሚባለው የኢንሹራንስ ደላላ ለቀቀ። መጨረሻ ላይ ሒሳቡን የያዘለት የእንግሊዝ ማዕከላዊ ባንክ ሆነ፣ ኢንሹራንሱንም መንግሥት ሸፈነው። አንድ የግል ኩባንያ በማዕከላዊ ባንክ ሒሳብ ሲከፍት! በፌብሩዋሪ 2001 ደግሞ ጭምብል ያጠለቁ ሰዎች የሀንቲንግደንን ዋና ሥራ አስኪያጅ ደጃፉ ላይ በዶማ እጀታ ደበደቡት።

እንግሊዞች ምን አደረጉ? መጀመሪያ፣ በዚያው በ2001፣ ሁለት ትናንሽ ነገሮች። የኩባንያ ኃላፊዎች የቤት አድራሻቸው ከሕዝብ መዝገብ እንዲሰወርላቸው ማመልከት እንዲችሉ ፈቀዱ። ፖሊስም ሰው ቤት ደጃፍ ተሰብስቦ የሚያስጨንቅን ቡድን ከዚያ እንዲነሳ ማዘዝ እንዲችል ሥልጣን ሰጡ። በ2005 ደግሞ በከባድ የተደራጁ ወንጀሎችና ፖሊስ ሕግ ውስጥ አንቀጽ 145ና 146ን አስገቡ። የእንስሳት ምርምር ድርጅትን ለመጉዳት ብሎ ሌላውን ሰው በሕገ ወጥ ድርጊት ወይም ዛቻ ውሉን እንዲያፈርስ ማድረግ እስከ 5 ዓመት ያስቀጣል። ይህን አንቀጽ እንደገና አንብበው። «ሽብር» የሚል ቃል የለበትም። የሚነካው ውሉን ነው፤ ማነቆው ደግሞ ውሉ ነበር። ከባንክ ደጃፍ ቆሞ ወረቀት የሚያድል ሰው ላይ አይደርስም፣ በባንኩ ኃላፊ ሚስት ላይ የሚዝት ላይ ይደርሳል።

ጊዜው ግን ለአንዳንዶች አልፎ ነበር። ስታፎርድሺር ውስጥ ለምርምር የሚሆን ጊኒ ፒግ የሚያረባ የአንድ ቤተሰብ እርሻ ለዓመታት ሲዋከብ ኖሮ በኦክቶበር 2004 የቤተሰቡ ዘመድ የሆኑ አሮጊት አጽም ከመቃብር ተሰረቀ። ይህ እንኳን ለእኛ ለሐበሾች፣ ለፈረንጅም ከልክ ያለፈ ነውር ነው። ቤተሰቡ በ2005 እርሻውን እንደሚዘጋ አስታወቀ። በሜይ 2006 ሦስት ሰዎች 12 ዓመት፣ አንዲት ሴት 4 ዓመት ተፈረደባቸው። ክሱ ብላክሜይል፣ አስፈራርቶ ማስገደድ ነው። እርሻው ግን አልተመለሰም። ቅጣቱ ከበደ፣ ወንጀሉም የፈለገውን አገኘ፤ ሁለቱ አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ አትርሳ።

ሻክን ራሱን የጣለውም ያው ብላክሜይል ነው። ፖሊስ በሜይ 2007 ትልቅ አፈሳ አደረገ፣ በጃንዋሪ 2009 የዊንቸስተር ፍርድ ቤት ሰባት ሰዎችን ከ4 እስከ 11 ዓመት ፈረደባቸው። አዲሱ አንቀጽ 145 እያለ ዐቃቤ ሕግ ለምን ብላክሜይል ያለበትን የ1968ቱን የስርቆት ሕግ መረጠ? ብላክሜይል እስከ 14 ዓመት ስለሚያስቀጣ ነው፣ አዲሱ 5 ብቻ። ታዲያ አዲሱ ምን ጠቀመ ትለኝ ይሆናል። ፖሊስ ነገሩን የሰፈር ረብሻ ከማድረግ ወጥቶ እንደ አንድ ሰንሰለት እንዲያየው አደረገ፤ ባንኩና አመላላሹም የሚጠብቃቸው ሰው እንዳለ አወቁ። አድራሻ የሚሰውረው የ2001ዱ ድንጋጌ ደግሞ ማንም የማያወራለት፣ በእኔ ግምት ግን ከሁሉም የተሻለው ነው። ማንንም ሳያስር መሣሪያውን ከእጃቸው ወሰደ። ሻክ በ2014 ዘመቻውን ዘጋ።

ወደ አሜሪካ ልመለስ፤ የመምህሮችህ ጠብ ያለው እዚያ ነው። ሀንቲንግደን ባለአክሲዮኖቹ በቀላሉ እንዳይታወቁ ብሎ ምዝገባውን ወደ ሜሪላንድ አዛወረ። ሻክም አሜሪካ ውስጥ ይንቀሳቀስ ነበር። በሴፕቴምበር 2005 የኩባንያው አክሲዮን በኒውዮርክ ገበያ ሊመዘገብ በተባለበት ቀን ጠዋት ምዝገባው እንዲዘገይ ተደረገ። ዎል ስትሪት ፈራ ተባለ። ኮንግረስን ያስደነገጠው ከቬይል እሳት ይልቅ ይህ ይመስለኛል።

እዚህ ጋር ነው የቀን ቅደም ተከተሉ የሚጣፍጠው። የአሜሪካው ሻክ ስድስት አባላትና ድርጅቱ ራሱ በኒው ጀርሲ ጥፋተኛ የተባሉት በማርች 2006 ነው። የተከሰሱት በአሮጌው፣ በ1992ቱ ሕግና በማስጨነቅ ወንጀሎች ነው። በዋናነት የተያዘባቸውም ድረ ገጻቸው ላይ አድራሻ እየለጠፉ ሰው እያነሳሱ መሆኑ ነው። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2009 አጸናው። ልጅየው ቡሽ የእንስሳት ድርጅቶች ሽብር ሕግን የፈረሙት ግን በኖቬምበር 2006 ነው። ማለትም አዲሱ ሕግ ሲወለድ ይያዙበታል የተባሉት ሰዎች ተፈርዶባቸው ነበር። ባክፋየርም ከዚያ በፊት አብዛኞቹን ሰዎች ይዞ ነበር። «ሕጉ ወጣ፣ ድርጊቱ ቀነሰ» የሚለው አባባል ይህን ሁለት ነገር ይዘላል።

ፍትሐዊ ልሁን፤ የ2006ቱ ሕግ የደፈነው እውነተኛ ቀዳዳ ነበር። አሮጌው ሕግ ላብራቶሪውን እንጂ የላብራቶሪውን ባንክ አይጠብቅም ነበር። አዲሱ ከድርጅቱ ጋር ግንኙነት ያለውን ማንኛውንም ሰው ጠበቀ፣ ቅጣቱንም እንደ ጉዳቱ መጠን ደረጃ አወጣለት፣ ሰላማዊ ሰልፍን አልነካም የሚል ሐረግም ጨመረ። እስከዚህ ድረስ ከእንግሊዙ ብዙም አይርቅም። ችግሩ «ሽብር» የሚለውን ስም ርዕሱ ላይ መስቀሉና «ጉዳት» የሚለውን ቃል ሰፊ ማድረጉ ነው። የተወካዮች ምክር ቤቱ ያጸደቀው ስም ሳይጠራ በድምፅ ብቻ ነው፤ ቆመው የተቃወሙት የምክር ቤቱ አባል ዴኒስ ኩሲኒች፣ ሕጉ ሐሳባቸውን የሚገልጹ ሰዎችን ያሸማቅቃል ብለው ነበር።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? በ2008 ሳንታ ክሩዝ ውስጥ የአንድ ተመራማሪ ቤት በእሳት ቦምብ ተመታ፤ ሕጉ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። በፌብሩዋሪ 2009 በአዲሱ ሕግ አራት ሰዎች ካሊፎርኒያ ውስጥ ተያዙ። ስለ እሳቱ አልነበረም። በተመራማሪዎች ቤት ደጃፍ ፊታቸውን ሸፍነው ጮኹ፣ በጠመኔ ጻፉ፣ ስምና አድራሻ ያለበት ወረቀት ካፌ ውስጥ ተዉ የሚል ነው። ዳኛው በጁላይ 2010 ክሱን ዘጉት፤ ምን እንዳደረጉ በግልጽ አልተጻፈም ብለው። በ2013 ደግሞ ሁለት ወጣቶች ኢሊኖይ ውስጥ ከአንድ እርሻ 2 ሺህ ያህል ሚንክ ለቀቁ። ሚንክ ለካፖርት ፀጉሩ የሚፈለግ ትንሽ እንስሳ ነው። በዚሁ የሽብር ሕግ ተፈረደባቸው፣ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤትም በ2017 «ርዕሱ ሽብር ማለቱ ሕጉን አያፈርሰውም» ብሎ አጸናው። የሚንክ ስርቆት ወንጀል ነው፣ አልከራከርም። ግን በዚህ ሕግ እስከዛሬ የተቀጡትን ብትደረድራቸው አገር የሚያሸብር ሰው አታገኝበትም።

የሁለተኛው መምህርህን ክርክር ላንሳ፤ ሕጉ አክራሪ ያደርጋል የሚለውን። ይህን በቀጥታ የሚያሳይ ነገር ማግኘት ከባድ ነው። ለእሱ የሚቀርበው ቅርብ ማስረጃ የእርሻ ቀረጻን የሚከለክሉት የስቴት ሕጎች ናቸው። በ2008 ካሊፎርኒያ ቺኖ ውስጥ አንድ የእንስሳት መብት ድርጅት ሰው ቄራ ውስጥ ተቀጥሮ ገብቶ መቆም ያቃታቸው ላሞች በፎርክሊፍት ሲገፉ ቀረጸ። ውጤቱ 143 ሚሊዮን ፓውንድ የበሬ ሥጋ ከገበያ መሰብሰቡ ነው፣ በአሜሪካ ታሪክ ትልቁ። ማንም አላቃጠለም፣ ማንም አልዛተም፣ ግን ከቬይል እሳት ይልቅ ኢንዱስትሪውን አንቀጠቀጠ። የአንዳንድ ስቴቶች መልስ መቅረጹን መከልከል ሆነ። አዮዋና ዩታ በ2012፣ አይዳሆ በ2014። ፍርድ ቤቶች ብዙዎቹን በሙሉ ወይም በከፊል ሻሩ፤ የአይዳሆው በ2015፣ የዩታው በ2017 ወደቀ። እነዚህን ሕጎች ከአክራሪነት መከላከያ ጋር አንድ ላይ የሚደምሩ ሰዎች አሉ፣ እኔ ግን የተለየ ሳጥን ውስጥ ነው የማስቀምጣቸው። ዓላማቸው ምስሉ እንዳይታይ ነው።

እንቅስቃሴው ግን በዚህ ምክንያት ወደ እሳት አልተመለሰም። የሄደው ወደ ግልጽ ድርጊት ነው። ፊታቸውን ሳይሸፍኑ፣ ካሜራ ይዘው፣ እንስሳ አውጥተው «ክሰሱን» ይላሉ። በ2022 ዩታ ውስጥ ከስሚዝፊልድ እርባታ ሁለት የአሳማ ግልገል የወሰዱ ሁለት ሰዎች በዳኝነት በተቀመጠ ሕዝብ ነፃ ወጡ። በሌላ ስቴት በተመሳሳይ ድርጊት ጥፋተኛ የተባሉም አሉ። ስለዚህ ለሁለተኛው መምህርህ የምለው፣ የተጨቆነ ሁሉ ወደ ክብሪት አይሄድም ነው።

ስለ መንግሥት በኩል ጥፋት ግን ዝም ማለት አይገባም። በ2006 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ ወጣት ቦምብ ሊያፈነዳ ሲዶልት ተያዘ ተብሎ 20 ዓመት ያህል ተፈረደበት። ኤፍቢአይ የላካት ሴት ቤት ተከራይታ፣ ገንዘብ አውጥታ፣ አብራቸው ስታቅድ ነበር። በጃንዋሪ 2015 መንግሥት ለመከላከያው መስጠት የነበረበትን ሰነድ ሳይሰጥ እንደቀረ ታውቆ ተፈታ። ዘጠኝ ዓመት ገደማ ታስሮ ማለት ነው።

የአካባቢ ጥበቃው ክፍል ዛሬ ወደ ነዳጅ ቧንቧና አውራ ጎዳና ዞሯል፤ እዚህ ብዙ አልቆይም። የዳኮታን የነዳጅ ቧንቧ የጎዳች ሴት በ2021 በዚያው የሽብር ማክበጃ 8 ዓመት ተፈረደባት። ፈረንሳይ በ2023 «የምድር ዐመፆች» የሚባለውን እንቅስቃሴ በአዋጅ አፈረሰች፣ ከፍተኛው የአስተዳደር ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት አዋጁን ሻረው። እንግሊዝ በ2022ና በ2023 የሰልፍ ሕጓን አጠበቀች፣ በ2024 ለንደንን የሚዞረውን አውራ ጎዳና ለመዝጋት ያሴሩ አምስት ሰዎች ከ4 እስከ 5 ዓመት ተፈረደባቸው፤ ቅጣታቸው በይግባኝ ተቀነሰ። ልብ በል፣ እነዚህ ሕጎች ከአንቀጽ 145 ጋር አንድ አይነት አይደሉም። አንቀጽ 145 ዛቻን ነው የሚነካው። እነዚህ ግን መንገድ መዝጋትንም ነው።

ስለ አገራችን አልጠየቅከኝም፣ ግን አንድ ነገር ሳልነግርህ አልለፍ። የእኛው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652/2001፣ እሱን የተካው 1176/2012ም (እዚህ ዓመቶቹ በእኛ አቆጣጠር ናቸው)፣ ለፖለቲካ ዓላማ በተፈጥሮ ሀብትና በአካባቢ ላይ ጉዳት ማድረስን ከሽብር ድርጊቶች መካከል ቆጥረዋል። አሜሪካ በአካባቢ ስም ጉዳት የሚያደርሰውን ስታሳድድ የእኛ ሕግ ደግሞ አካባቢውን ተጎጂ አድርጎ ይጠብቃል። ለንጽጽር ምዕራፍህ ጥሩ መግቢያ ይሆንሃል።

ጽሑፍህን እንዴት ትሥራው ካልክ፣ «ሕጉ ቀነሰ ወይስ ጨመረ» የሚለውን ጥያቄ ጣለውና እንግሊዝና አሜሪካ ሻክን እንዴት እንደያዙት አነጻጽር። ያው ድርጅት፣ ያው ተጎጂ፣ ያው ዓመታት፣ ሁለት ዓይነት ሕግ። እንዲህ ያለ ንጹሕ ንጽጽር በወንጀል ጥናት ውስጥ በቀላሉ አይገኝም። የኮንግረስ ንግግሮችን ለመጨረሻ አቆያቸው፣ መጀመሪያ የክስ ወረቀቶቹን አንብብ። የሚቸግርህ ቁጥር ላይ ነው፤ ቆጣሪዎቹ መስኮት መስበርንም ሕንፃ ማቃጠልንም አንድ «ድርጊት» ብለው ይቆጥራሉ፣ ስለዚህ ሰንጠረዥ ስትሠራ ለያይተህ ሥራ።

አንድ ፋይል ደግሞ ከእጅህ አይጥፋ። በ2003 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሁለት ኩባንያዎች ላይ ቦምብ ፈነዳ፤ አንደኛው፣ ኪሮን፣ የሀንቲንግደን ደንበኛ ነበር። የተጠረጠረው ሰው ለ21 ዓመት ተሰወረ፣ ስሙ በኤፍቢአይ ዋና ተፈላጊ አሸባሪዎች ዝርዝር ላይ ሰፈረ፣ በኖቬምበር 2024 ዌልስ ውስጥ ተያዘ። በ2004 የተጻፈው ክስ በፈንጂ ንብረት ማውደምና በወንጀል ጊዜ አውዳሚ መሣሪያ መጠቀም ነው የሚለው። እሱን አውርደህ ከባክፋየሩ ክስ ጎን አስቀምጥና አንቀጾቹን አንድ በአንድ አመሳክር፤ ካስቸገረህ ጻፍልኝ።